አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ

አገርነሽ ነሐስ ባየች ቁጥር እጇን ይበላታል። ሌላው ሰው ወርቅ ሲያይ ዓይኑ ይቅበዘበዛል፣ ጠጅ ሲሸተው ምራቁን ይውጣል፤ እሷ ግን የደበዘዘ ነሐስ ካየች አለቀላት፣ ሳትወለውለው ብትሄድ እህል አይወርድላትም። ለቅሶ ቤት ሄዳ፣ ሰው ደረቱን ሲደቃ፣ ጥግ ይዛ የሟቹን የነሐስ ሙቀጫ ስትፈትግ የተገኘችው እሷ ናት። «ኧረ አገርነሽ፣ አልቅሺ እንጂ!» ቢሏት፣ «እያለቀስሁ አይደል እንዴ! እጄ ለምን ሥራ ይፈታል?» አለች አሉ። ውሸት እንዳይመስላችሁ፤ ያ ሙቀጫ እስከ ሰልስት ድረስ ያብረቀርቅ ነበር።

ይህ አመል ከአባቷ ቤት የመጣ ነው። ተወልዳ ያደገችው ደቅ ደሴት ላይ ነው። አባቷ የደብሩ ዕቃ ቤት ነበሩ፤ መስቀሉ፣ ጽናው፣ ቃጭሉ፣ ጸናጽሉ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነበር። የክብረ በዓል ዋዜማ ሲሆን ያን ሁሉ ንዋየ ቅድሳት አውጥተው ከጠዋት እስከ ማታ በሎሚና በአመድ ይወለውላሉ። ነሐስ ለበዓል ደብዝዞ ከወጣ ለጠባቂው ከሞት አይሻልም ይሉ ነበር። አገርነሽ ሎሚውን ትቆርጣለች፣ አመዱን ትነፋለች፣ ጨርቁን ታጥባለች። መንካት ግን ክልክል ነው፤ ሴት ልጅ ንዋየ ቅድሳት አትነካም። እሷ ምስኪን አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ፣ የአባቷ አውራ ጣት መስቀሉ ላይ ሲመላለስ እያየች፣ የራሷን አውራ ጣት በጉልበቷ ላይ ታመላልሳለች። እንዲህ ሆና አድጋ፣ አንድም ቀን ሳትወለውል፣ ለባል ተሰጠች።

ባሏን ትታ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ስትሻገር ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ለምን ተውሽው ሲሏት፣ «የቤቱ ዕቃ ሁሉ ሸክላ ነበር» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። ባሕር ዳር የሐይቁን ዳር መንገድ ጠራጊ ሆና ገባች። ጎህ ሲቀድ ከዓባይ ማዶ ትነሣለች፣ ድልድዩን ትሻገራለች፣ መጥረጊያዋን እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም እያለች። ሳቂታ ናት። በእሷ ሳቅ የከተማው ዳክዬ ሁሉ ከሐይቁ ይነሣል ይሏት ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ጠረገች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ጊዜያዊ» ነበረች። እስቲ አሁን ዘጠኝ ዓመት ምኑ ነው ጊዜያዊ? በዚያ መሀል ንጉሥ ወርዷል፣ መሬት ለአራሹ ተብሏል፣ ትርፍ ቤት ተወርሷል፤ አገርነሽ ግን ያችው ጊዜያዊ ናት። ክፋቱ ደግሞ ወባው ነበር። አንድ ክረምት ወባ ጣላትና አሥራ አምስት ቀን ተኛች፤ ስትመለስ ስሟ ከዝርዝሩ ተሰርዞ ጠበቃት። «እንደ አዲስ ተመዝገቢ» አሏት። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ወባ፣ ደግሞ ስረዛ። በየክረምቱ እንደ አዲስ ትወለዳለች። ስለዚህ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር ብቻ ትመኝ ነበር፤ የቋሚ ሠራተኛ ደብዳቤ። ቋሚ የሆነ ሰው ታሞ ቢተኛ ቦታው ይጠብቀዋል። ይኸው ነው፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ታዲያ በ1974 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ከአንድ የወዳጅ አገር ከተማ ስጦታ መጣ። በትልቅ የጣውላ ሳጥን የታሸገ ነው፤ ሳጥኑ ሲፈለቀቅ የነሐስ ሐውልት ወጣ። ከወገቡ በላይ ጢማም፣ ደረተ ሰፊ ወንድ ነው፤ ከወገቡ በታች ዓሣ ነው፣ ያውም ቅርፊቱ አንድ በአንድ የተቀረጸ። ትልቅ ዛጎል አፉ ላይ ደግኖ፣ ጉንጩን እንደ ወናፍ ወጥሮ ይነፋል። አብሮት የመጣው ወረቀት «ትሪቶን፤ በጥንት ግሪኮች ተረት የባሕር አምላክ ልጅ» ይላል። ወረቀቱን የተረጎመው አስናቀ የሚባል፣ እዚያው አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው። «አምላክ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ የሐውልት ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ አለበል ከወንበሩ ዘለለ። «በአብዮት ዘመን የምን አምላክ ነው የምታመጣብኝ?» አለ። ሁለት ሳምንት ስብሰባ ተቀምጠው ሲከራከሩ ሰነበቱና መቆሚያው ድንጋይ ላይ «ጭቁኑ ዓሣ አስጋሪ» ብለው አስቀረጹ።

እዚያው ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚሠራው ቡርሀን ጽሑፉን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «ግማሹ ራሱ ዓሣ ነው» አለ። «ራሱን ነው እንዴ ያሰገረው?» ከተማው ግን አምላክም አላለው፣ አስጋሪም አላለው። ያን ጊዜ ቀበሌ ለስብሰባ ሰው የሚጠራው በጥሩምባ ነበር፤ ሰው ገና ፊቱን ሳይታጠብ «ጡ!» ይላል። ሐውልቱ ፊቱን ወደ ሐይቁ አድርጎ ሲነፋ ያየ ሁሉ «እሰይ፣ ዓሣውም ስብሰባ ተጠራ!» ብሎ ሳቀ። ስሙ በዚያው «ቀበሌ ጠሪው» ሆኖ ቀረ።

የምረቃው ቀን ሚያዝያ 23 ተባለ፤ የሠራተኞች ቀን ነዋ። ሐውልቱ ከቆመ በኋላ እስከ ምረቃው ድረስ በቀይ ሸራ ተጀቦነ። ሦስት ቀን ሲቀረው ጓድ አለበል አገርነሽን አስጠራት።

«አንቺ፣ ሐውልቱን አጽጂ» አላት። «እንግዶች ይመጣሉ፤ የሠራው ሰውዬ ራሱ ይመጣል። አንዲት የወፍ ኩስ እንዳላይ። የቋሚነት ደብዳቤሽ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ በማግስቱ እፈርመዋለሁ። አንድ ነገር ከተበላሸ ግን…» አለና አየሩ ላይ በሁለት እጁ ወረቀት የሚቀድድ ሰው አስመሰለ።

«ኧረ ምን ሲደረግ ይበላሻል!» አለች አገርነሽ፤ በደስታ ሰማይ ምድሩ ጠበባት። ደብዳቤዋ ታይፕ ተመትቶ ተቀምጧል! መጥረጊያዋን ወርውራ፣ ባልዲና ጨርቅ ይዛ፣ መሰላል ተበድራ ሸራው ውስጥ ገባች።

ገብታም ቀና ብላ አየች። አየችና ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ያ የሚያህል ነሐስ፣ ከግንባሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ፣ አረንጓዴ! ብብቱ አረንጓዴ፣ ጢሙ አረንጓዴ፣ ቅርፊቱ አረንጓዴ። «ኧረ በጊዮርጊስ!» አለች። «ምነው፣ ስጦታ እንዲህ ሻግቶ ይሰጣል? አንተስ ብትሆን፣ ይህን የመሰለ ደረት ይዘህ!» ከልቧ አዘነችለት። መቼስ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ብቻ አይደለም፤ የጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓልም ነው። ይህ ፍጥረት በበዓል ቀን እንዲህ ሆኖ ሕዝብ ፊት ሊቆም ነው? ሁለት ቅርጫት ሎሚ ከጀልባ ላይ ገዛች፣ አንድ ጆንያ አመድ ከዳቦ ቤት ለመነች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች።

መጀመሪያ አፍንጫውን ያዘች። ሎሚውን ጨመቀችበት፣ አመዱን ነሰነሰችበት፣ ፈተገችው፣ በውሃ አለቀለቀችው። አፍንጫው ብልጭ አለ። ከዚያ ሁሉ አረንጓዴ መሀል አንዲት የወርቅ አፍንጫ! አገርነሽ ራሷን መያዝ አቅቷት እልል አለች። በውጭ በኩል አንዲት አሮጊት ወደ ገበያ ያልፉ ነበር፤ ሸራው እልል ሲል ሰምተው ቅርጫታቸውን ጥለው ሮጡ።

ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ ሸራ አልወጣችም ማለት ይቻላል። ውስጡ በሚያዝያ ፀሐይ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ላቧ ይንቆረቆራል፤ ሎሚው የተሰነጠቀ ጣቷን ያቃጥላታል፤ እሷ ግን እየዘፈነች ነው። ከሐውልቱ ጋር ታወራለች። «ቆይ አንገትህን ቀና አድርግ፣ ጢምህ ሥር ልገባ ነው» ትለዋለች። «ኧረ ይሄ ጆሮ መቼ ታጥቦ ያውቃል! እናትህ የት ነበረች?» ጅራቱ ጋ ስትደርስ ቅርፊቱን አንድ በአንድ፣ በትንሿ ጣቷ ላይ በጠቀለለችው ጨርቅ፣ ስንጥቁን ሁሉ እየገባች አወጣችው። ማንም «አትንኪ» የሚላት የለም። እንዲህ ያለ ደስታ በሠርጓም ቀን አላየችም፤ ሠርጓን ተዉት ብቻ።

ሚያዝያ 22 ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋን ቅርፊት ጨርሳ፣ ራቅ ብላ ልታየው ስትል፣ አስናቀ ሸራውን ገለጥ አድርጎ ጭንቅላቱን አስገባ። አዲስ ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ ሐውልቱን የሠሩትን ሽማግሌ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ ሆቴል አግብቶ መምጣቱ ነው።

«እትዬ አገርነሽ፣ አለቀ?» አለ፤ ዓይኑ ከውጭው ብርሃን መጥቶ ጨለማውን ገና አልለመደም። «ሽማግሌው መጥተዋል። ወይ ሰው! በመንገድ ሁሉ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው ያወሩኝ፤ ስለ አረንጓዴው። ‹ቅርጹን ማንም ይቀርጻል፣ አረንጓዴው ነው የእኔ› ይላሉ። ሦስት ወር ሙሉ በገዛ እጃቸው በአሲድና በእሳት ያወጡት ቀለም ነው አሉኝ፤ ሺህ ዓመት ከባሕር ሥር ኖሮ የወጣ እንዲመስል።»

የአገርነሽ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። «የትኛው አረንጓዴ?» አለች።

አስናቀ ቀና አለ። ዓይኑ ለመደና አየ። ወደ ኋላ ሲሸሽ ተደናቅፎ ቁጭ አለ፤ ቁጭ ያለው ደግሞ ባልዲው ውስጥ ነው፣ በአመድና በሎሚ ውሃ በተሞላው። «እትዬ» አለ ከባልዲው ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ «ገደልሽን።»

እንግዲህ ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን አያውቅም። አገርነሽ አስናቀን አየችው፤ ሙሉ ልብሱን፣ ክራቫቱን፣ ባልዲውን። ሳቋ መጣባት። አፏን በሻሿ ብታፍን እንባዋ በዓይኗ ይወርዳል። አስናቀም ተቆጥቶ ሊነሣ ሲል ባልዲው አብሮት ተነሣ፤ ይህን ጊዜ እሱም ተሸነፈ። ሁለቱ ሸራው ውስጥ ሆዳቸውን ይዘው ሲንከተከቱ ቆዩ። ከዚያ አገርነሽ ስለ ደብዳቤው አሰበች፣ ሳቋም ቀጥ አለ። «ይቀድደዋል» አለች። «ዓይኔ እያየ ይቀድደዋል።»

«መቅደድ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት!» አለ አስናቀ። «አሻጥር ካሉትስ?»

ያን ዘመን የኖረ ሰው ይህች ቃል ስንቱን እስር ቤት እንዳስገባች ያውቃል። አገርነሽ ሮጣ ቡርሀንን ጠራችው። ቡርሀን ገብቶ ሐውልቱን ሲያይ «ማሻ አላህ!» ብሎ ጮኸ፤ ጉዳዩን ሲሰማ ደግሞ ሳቀ፤ የእነሱን ፊት ሲያይ ተወው። «ለዚህ ነው እንዴ? የጀልባ ቀለም አለኝ፣ አረንጓዴ፣ ግማሽ ቆርቆሮ» አለ። «ሁለት ጀልባ ያለበሰ ቀለም አንድ ዓሣ አያቅተውም።» ሄዶ አመጣው። መሰላሉ ላይ ወጣ፣ ቡርሹን ነከረ፣ ወደ ሐውልቱ ግንባር አስጠጋ።

«ተው!» አለች አገርነሽ።

ቡርሀን ዞረ። «ምነው?»

«ተወው፤ ውረድ።»

«አገሬ፣ ደብዳቤሽ!»

«ደብዳቤዬን እኔም አውቀዋለሁ» አለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ጠርጌ ያደርሁት ሁሉ በማግስቱ ይቆሽሻል። አንድ ቀን እንኳ ‹ይህን አገርነሽ ሠራችው› የሚባል ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ጥፋትም ከሆነ ጥፋቴ ነው። ቀለም ቀብቼ የሰውየውን ዓይን ላታልል? ዝናብ ሲመታው ይላጣል፤ ያኔ ሁለት ጥፋት ይሆናል፤ ማበላሸትና መዋሸት።»

ቡርሀን ከመሰላሉ ወረደ። አንዲት የቀለም ጠብታ የሐውልቱ ደረት ላይ ወድቃ ነበር፤ አገርነሽ በሻሿ ጫፍ ጠረገቻት። «አንቺስ ጤናም የለሽ» አላት ቡርሀን፣ «አላህ ይርዳሽ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ።»

በማግስቱ የሐይቁ ዳር ሰው በሰው ሆነ። በአንድ በኩል የፋብሪካው ሠራተኛ ቀይ ባንዲራውን ይዞ በማርሽ ባንድ እየታጀበ መጣ፤ በሌላ በኩል ታቦት አንግሦ ከጊዮርጊስ የሚመለሰው ሕዝብ ነጭ በነጭ ለብሶ እየዘመረ ደረሰ። ኮሚቴው እንዲህ አላቀደም፤ ግን ሁለቱን በዓል አንድ ቀን ላይ ያዋለው ኮሚቴው አይደለም። ባንዱ ሲነፋ መዘምራኑ ከበሮውን ያጠብቃሉ፣ ከበሮው ሲጠብቅ ባንዱ ይጮኻል። ጓድ አለበል ዘጠኝ ገጽ ንግግር አነበበ፤ ከሦስተኛው ገጽ በኋላ ያዳመጠው ሰው የለም። ሽማግሌው እንግዳ በባርኔጣቸው ሥር ዝም ብለው ተቀምጠዋል። አገርነሽ ከሕዝቡ ኋላ ቆማ የጊዮርጊስን ስም ትጠራለች፤ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ደብቃለች።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ገመዱ ተሳበ። ሸራው ወረደ።

እኔ ምን ልበላችሁ! ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ሐውልቱ እንደ እሳት ነደደ። ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ላይ ክንዱን ዓይኑ ላይ ጋረደ። ጥሩምባ ነፊው ትንፋሹን ረሳ። ጓድ አለበል ንግግሩን እንደ ጃንጥላ ግንባሩ ላይ ዘረጋ። ሐይቁ ላይ በታንኳ የነበረ አንድ ዓሣ አስጋሪ ለማየት ብድግ ሲል ሚዛኑን ስቶ ውሃ ውስጥ ገባ። ከዚያ እልልታው ፈነዳ! ከጊዮርጊስ የመጡት እልል አሉ፣ ሠራተኛው አጨበጨበ፣ ባንዱ ያለ ትእዛዝ ጀመረ፣ ከበሮው ተከተለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው መቱ። የተነከረው አስጋሪም ታንኳውን ይዞ ከውሃ ውስጥ ያጨበጭብ ነበር። አገርነሽ ይህን ስታይ ፍርሃቷን ረሳችው። ሁሉም እየዘለለ ሳለ እሷም ዘለለች።

ሽማግሌው ግን አልዘለሉም። ባርኔጣቸውን አወለቁና ወደ ሐውልቱ ሄዱ። ጅራቱን ነኩ፣ ጣታቸውን አዩ። ከዚያ ዞረው ጮኹ። ባንዱ ተቋረጠ።

«ቆዳውን ገፈፋችሁት፤ ማነው ይህን ያደረገው፤ ይላሉ» ብሎ አስናቀ ተረጎመ።

ጓድ አለበል ጊዜ አላጠፋም። «እሷ ናት!» ብሎ ጣቱን ቀሰረ። «የዚያች ጠራጊ ሥራ ነው። አሻጥር ነው ይህ!»

ከአገርነሽ ዙሪያ ሰው ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ሸሸ። እሷ ብቻዋን ቀረች። ወደ ፊት ሄደች፤ ሽማግሌው ፊት ደርሳ እጅ ነሣች።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «አረንጓዴው ሥራ መሆኑን አላወቅሁም። በእኛ አገር ነሐስ ለበዓል ደብዝዞ አይወጣም፤ ነውር ነው። የሻገተ መስሎኝ አዘንሁለት። ሦስት ቀን ፈተግሁት፤ በሎሚና በአመድ።»

አስናቀ ተረጎመ። ሽማግሌው «በሎሚ?» ብለው ጠየቁ። «ብቻዋን?» አሉ ደግሞ። ወደ ጅራቱ ጎንበስ ብለው ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ ያዩ ጀመር፤ ከጎን፣ ከሥር፣ ሰው በማያየው በጀርባው በኩል ሁሉ። ረጅም ጊዜ አዩ። ሲነሡ የአገርነሽን እጅ ያዙና ገለበጡት። ጣቶቿ በሎሚ ተልጠው ቀልተዋል።

«ሥራዬን አበላሽታብኛለች» አሉ። «ይህን አልደብቅም፤ ልቤ ተሰብሯል። ግን እኔ ስቀርጸው እንኳ ያልነካሁት ስንጥቅ አለ፤ እሷ ገብታበታለች። ቀለም እንዳትቀቡት፣ አሲድም እንዳታስነኩት። ነሐስ ውሃ ዳር ሲኖር ጊዜውን ጠብቆ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሐይቁ ይመልሰዋል። እስከዚያ ድረስ ማንም እንዳይነካው ጠባቂ ይፈልጋል። በዚህ ከተማ ይህን ሐውልት ስንዝር በስንዝር የሚያውቅ ከእሷ ሌላ ሰው የለም።»

አስናቀ ይህን ሲተረጉም ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። ሕዝቡ ሁሉ ሰማ፤ እልልታው እንደገና ፈነዳ። ጓድ አለበል በወዳጅ አገር እንግዳ ፊት ምን ይበል? «ኮሚቴያችንም ይህንኑ ያምናል» አለ።

ደብዳቤው ተፈረመ። አገርነሽ በመሠረተ ትምህርት የቆጠረችው ፊደል ለእንደዚህ ያለው አማርኛ ስላልደረሰ ቡርሀን አነበበላት። «ሐውልቱ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ በቋሚነት ተቀጥረዋል። ሐውልቱን በሎሚም ሆነ በአመድ እንዳይነኩ በጥብቅ እናስጠነቅቃለን።» ቡርሀን ወረቀቱን ገልብጦ አየ። «ቋሚ ነው ወይስ እስከ ነው?» አለ። አገርነሽ ግን ደብዳቤውን እየሳመች ስለነበር አልሰማችውም። በዚያው ክረምት ወባ ጣላት፤ አሥር ቀን ተኝታ ስትመለስ ቦታዋ እንዳለ ጠበቃት። እዚያው ሐውልቱ ሥር ተንበርክካ አለቀሰች።

«እስከ» የምትለዋ ቃል የገባቻት ኋላ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ 24 ቀን ኮሚቴው ቅጽ ይዞ ይመጣል። ቅጹ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ አለች፤ «ሐውልቱ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኗል?» በመጀመሪያው ዓመት ገና ወርቅ ነበር። በሁለተኛው ጀርባው ጠቆረ። በሦስተኛው ጅራቱ አረንጓዴ ጀመረ። አገርነሽ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች፤ ሥራዋ ዓይኗ እያየ ይጠፋል፣ ሥራዋ ሲጠፋ ደግሞ እንጀራዋም አብሮ ይጠፋል። እጇን ይበላታል። እጆቿን ብብቷ ውስጥ ትከታለች። አንድም ቀን አልነካችውም፤ ሽማግሌው ፊት የቆመች ሴት ናትና አትነካም።

የሚገርመው ግን አንዲት ነገር ነበረች። የዛጎሉ ጫፍ፣ ሐውልቱ አፉ ላይ የያዘው፣ አውራ ጣት የምታህል ቦታ፣ በየዓመቱ የምርመራው ቀን ትበራለች። ጠጋ ብለው ቢያሸቱት ሎሚ ይሸታል። አገርነሽ ቡርሀንን ጠረጠረችው። «ወላሂ እኔ አይደለሁም» አላት። «እኔ ቀለም እንጂ ሎሚ ምን ያውቀኛል?» አስናቀ ደግሞ አዲስ አበባ ከሄደ ቆይቷል። ጊዮርጊስ ነው ብላ ተወችው።

በ1980 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን ማለዳ አገርነሽ ከወትሮው ቀድማ ወጣች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበር። ያን ዓመት ሐውልቱ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጅራቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ትናንት ማታ ስትሄድ የዛጎሉ ጫፍ እንኳ አረንጓዴ ነበር። «በቃ» ብላ ራሷን አሳምናለች። ሐይቁ ዳር ስትደርስ ግን አንድ ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ያንን ዛጎል ይፈትጋል። «ሌባ!» ብላ መጥረጊያዋን አነሣች።

ሰውየው ሲደነግጥ መሰላሉ አመለጠው፤ የሐውልቱን አንገት አቅፎ ተንጠለጠለ። ዘወር ሲል ጓድ አለበል ነው።

«ምን እያደረጉ ነው፣ ጓድ?»

«ምርመራ ላይ ነኝ» አለ ከተንጠለጠለበት።

«በሎሚ?»

መሰላሉን አቀረበችለትና ወረደ። አፍንጫው ላይ አመድ አለ። መቆሚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ሦስት ዓመት ቅጹን ይዞ ብቻውን ነበር የሚመጣው፤ ሌሎቹ የት ናቸው ስትለው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላት ነበር። አሁንም ጠየቀችው።

«ኮሚቴ የለም» አለ። «ፓርቲው የተመሠረተ ጊዜ ፈርሷል። እኔንም መዝገብ ቤት ወረወሩኝ። ቅጹን ታይፕ የምመታው እኔ ነኝ፤ ፋይልሽ ውስጥ የማስገባውም እኔው ነኝ። ቅጹ ከጠፋ፣ ወይም ‹ሆኗል› ካለ፣ በማግስቱ ያሰናብቱሻል።»

አገርነሽ መጥረጊያዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ለምን?» አለች።

ጓድ አለበል ሱሪውን ወደ ታች ዘረጋ። «ያን ቀን ጣቴን ስቀስርብሽ ወደ ኋላ የምትሸሺ መስሎኝ ነበር» አለ። «አንቺ ወደ ፊት መጣሽ። እኔ ብሆን ቀለም ቀብቼ እክድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ባለፍሁ ቁጥር አፍራለሁ።»

አገርነሽ ልታለቅስ ነበር። ከልቧ ልታለቅስ ነበር፤ ነገር ግን አፍንጫው ላይ ያለውን አመድ አየች፣ የተጨማደደውን ሱሪውን አየች፣ ሐውልቱን አቅፎ የተንጠለጠለው ትዝ አላት። ሳቋ አመለጣት። ዳክዬው ሁሉ ከሐይቁ ተነሣ። ጓድ አለበልም መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ቀጥሎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ኋላ እሱም እንባውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ሳቀ።

ሲበርድላቸው ቅጹን ከደረት ኪሱ አወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደ ጥንቱ በሊቀመንበር ድምፅ ጠየቀ፤ «እትዬ አገርነሽ፣ ሐውልቱ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኗል?»

አገርነሽ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ሐውልቱን ዞረችው። ከታች ወደ ላይ አየችው። ጊዜ ወስዳ አየችው።

«ኧረ ገና ነው፣ ጓድ» አለች።

«ገና» ብሎ ጻፈ። ፈረመበት። ከዚያ የፈረሰውን ኮሚቴ ማኅተም ከኪሱ አወጣና እፍ፣ እፍ ብሎ መታበት።